«20 ዓመት ነድቻለሁ፤ መልሱ 50 ነው»

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ባለቤቴ አይሱዙ ይነዳል፤ ከቡሬ በቆሎ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የበኩር ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣለት፦ አንድ መኪና ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተመለሰ፤ የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ልጁ 50 ብሎ መለሰ። መምህሩ ኤክስ አድርጎ ከጎኑ 48 ብሎ ጻፈበት። አባቱ ወረቀቱን ሲያይ ተቆጣ። ‹20 ዓመት ነድቻለሁ፤ የ60 እና የ40 መካከል 50 ነው፤ ያልገባውስ መምህርህ ነው› አለ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ አናግረዋለሁ እያለ ነው። ልጁ በአባቱና በመምህሩ መካከል ቆሞ ‹ሂሳብ አይሆንልኝም፤ ትቼው ረዳት እሆናለሁ› ማለት ጀምሯል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የትኛው ልክ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ባለቤቴን ሳላስቀይም፣ ልጄም ተስፋ ሳይቆርጥብኝ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። መምህሩ ልክ ነው፤ መልሱ 48 ነው። ይህን ግን ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ እንዳትነግሪው። ለምን እንደምልሽ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ልጅሽና አባቱ ያሉት 50 ከሜዳ የመጣ ቁጥር አይደለም። የሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ያን ጥያቄ ግን ፈተናው አልጠየቀም። ፊዚክስ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ሁሉ ሳያመነቱ 50 ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ልጅሽ የተሳሳተው ሂሳብ ስለማይሆንለት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ማታ ቤት ስትገቢ አንድ እፍኝ በቆሎና አንድ የደብተር ወረቀት ይዘሽ ከልጁ ጋር ተቀመጪ። ጥያቄው የሁለቱን ከተሞች ርቀት አልተናገረም፤ ለመቁጠር እንዲመቸን 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መኪናው ሲሄድ በመጀመሪያው ሰዓት 60፣ በሁለተኛው ሰዓት 60 ሄደና ደረሰ። 2 ሰዓት ፈጀበት ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2 ፍሬ በቆሎ አስቀምጪ። ሲመለስ በመጀመሪያው ሰዓት 40፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 40 ሄዶ ገባ። ከፊተኞቹ ራቅ አድርገሽ 3 ፍሬ ጨምሪ። አሁን ወረቀቱ ላይ 5 ፍሬ አለ። እያንዳንዱ ፍሬ ሹፌሩ መሪ ጨብጦ የዋለበት አንድ ሰዓት ነው።

ልጁ ከየፍሬው ሥር በዚያ ሰዓት የተሄደውን ኪሎ ሜትር ይጻፍ፦ 60፣ 60፣ 40፣ 40፣ 40። ይደምረው፤ 240 ይመጣል። ያንን ለ5ቱ ፍሬዎች እኩል ያካፍላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 48 ይደርሳቸዋል። አለቀ። አማካይ ፍጥነት ማለት ይኸው ነው፦ መኪናው ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢሄድና በዚያው በ5 ሰዓት ደርሶ ቢመለስ ኖሮ በስንት መሄድ ነበረበት? በ48።

እዚህ ላይ ልጁ ቆም ብሎ ፍሬዎቹን ይያቸው። በ60 በኩል ያሉት 2 ናቸው፤ በ40 በኩል ያሉት 3። መልሱ ከ50 ወደ 40 ጠጋ ያለው ለዚህ ነው። መኪና ሲዘገይ መንገድ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ሲፈጥን ግን ቶሎ ይገላገላል። ስለዚህ ዝግተኛው ፍጥነት ከሰዓቱ የሚወስደው ድርሻ ይበልጣል። 60 እና 40ን ደምሮ ለ2 ማካፈል ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ሰዓት እንደቆዩ አድርጎ መቁጠር ነው። የቆዩት ግን እኩል አይደለም። እኩል የሆነው ርቀቱ ነው።

ልጁ ብልህ ከሆነ (እንደሆነም ይመስለኛል፣ ያለዚያ ነገሩ ይህን ያህል አያንገበግበውም ነበር) «120ን ከየት አመጣነው? ጥያቄው እኮ አላለም» ይልሻል። ደግ ጥያቄ ነው። ርቀቱን 240 አድርጉት። ሲሄድ 4 ፍሬ፣ ሲመለስ 6 ፍሬ፤ 480ን ለ10 ስታካፍሉ 48 ነው። 60 አድርጉት። ሲሄድ 1 ሰዓት፣ ሲመለስ 1 ሰዓት ተኩል፤ 120ን ለ2 ተኩል ስታካፍሉ አሁንም 48 ነው። ርቀቱ ቢረዝም ሰዓቱም አብሮ ይረዝማል፤ የፍሬዎቹ ድርሻ አይለወጥም። መምህሩ ርቀቱን ሳይናገር የጠየቀው ለዚህ ነው።

50 መልስ የሚሆነውስ መቼ ነው? መኪናው አንድ ሰዓት በ60፣ አንድ ሰዓት ደግሞ በ40 ቢሄድ። 2 ፍሬ፣ 100 ኪሎ ሜትር፣ 50። ሰዓቱ እኩል ሲሆን የአባቱ መልስ አንድ ነጥብ አይሳሳትም። ይህን ለልጁም ለአባቱም መንገር ይገባል፤ ሰው መልሱ ከንቱ እንዳልነበረ ሲያውቅ የተሳተችውን ነገር ለማየት ልቡ ይከፈታል።

«ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» ብለሻል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሰዓት 20 እንጀራ የምትጋግሪ ብትሆኚ 60 እንጀራ ለመጋገር ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? 3 ሰዓት አልሽ፤ ወረቀትም እርሳስም አላነሳሽም። ያደረግሽው የፊዚክሱን ስሌት ነው። እንጀራው ርቀቱ ነው፣ በሰዓት የምትጋግሪው ፍጥነቱ ነው፣ የቆምሽበት ደግሞ ጊዜው ነው። ርቀትን ለፍጥነት ስታካፍዪ ጊዜ ይመጣል፤ ርቀትን ለጊዜ ስታካፍዪ ፍጥነት ይመጣል፤ ፍጥነትን በጊዜ ስታባዢ ርቀት ይመጣል። ከሦስቱ ሁለቱን ካወቅሽ ሦስተኛው ሊደበቅሽ አይችልም።

ቀጥዪ። ከ60ው እንጀራ የመጀመሪያውን 30 ምጣዱ ደህና ግሎ በሰዓት 30 ጋገርሽ እንበል። ከዚያ መብራቱ ደከመ፤ የቀረውን 30 በሰዓት 10 ብቻ ጋገርሽ። በአማካይ በሰዓት ስንት ጋገርሽ? የ30 እና የ10 መካከል 20 ነው ቢልሽ ሰው ትስማሚያለሽ? የመጀመሪያው 30 የፈጀብሽ 1 ሰዓት ነው፤ ያ የደከመ ምጣድ ግን 3 ሰዓት አቁሞሻል። 60 እንጀራ በ4 ሰዓት፤ በሰዓት 15። ጀርባሽ ያውቀዋል። እንግዲህ ልጅሽን ለማስረዳት የሚያንስሽ ነገር የለም።

እኔ ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። በእኛ አገር መንገደኛ «ገበያው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ብሎ አይጠይቅም። «ስንት ያስኬዳል?» ነው የሚለው። መልሱም «የ2 ሰዓት መንገድ ነው» ነው፤ «ማለዳ ከተነሳህ ለምሳ ትደርሳለህ» ነው። ከተሜው ይህን ሲሰማ ርቀትን በሰዓት መለካት አለማወቅ ይመስለዋል። አይደለም። በዚያች አነጋገር ውስጥ ሦስቱም ነገሮች አሉ፦ መንገዱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ያልተነገረው የእግር ፍጥነትም አለ። ጤነኛ ጎልማሳ በደህና መንገድ በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ ስለዚህ «የ2 ሰዓት መንገድ» ያለሽ ሰው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው ማለቱ ነው። ግን የማን እግር ነው? እህል የጫነች አህያ የሚነዳ ልጅ በዚያ ሰዓት አይደርስም። በክረምት ጭቃው ጉልበት ላይ ሲደርስም አይደርስም። መንገዱ ያው፣ ሰዓቱ ሌላ፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ ሌላ ነው።

የእናቴ ገበያ ቁልቁል ነበር። ሲወርዱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ ጨውና በርበሬ ተሸክመው ዳገቱን 2 ሰዓት ተኩል። ልጅ ሆኜ ይህ ያስገርመኝ ነበር፤ ያው ድንጋይ፣ ያው ወንዝ፣ ያው ዋርካ። እናቴ «ሲሄዱት ቅርብ ነው፣ ሲመለሱት ሩቅ ነው» ትል ነበር። ቆይቼ ሳሰላው መንገዱ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስትወርድ በሰዓት 5፣ ስትወጣ በሰዓት 3 ነበር የምትሄደው። የሁለቱ መካከል 4 ነው፤ እሷ ግን 15 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰችው በ4 ሰዓት ነው፤ 15ን ለ4 ስናካፍል 3.75። የልጅሽ የፈተና ጥያቄ እናቴ በየሳምንቱ በእግሯ ትሠራው የነበረው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እሱ ይህን ነገር ከመምህሩም ከእኔም በላይ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሰዓትና በድካም እንጂ በቁጥር አይደለም። የዓባይ በረሃን ጠይቂው። ከደጀን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት መውጣት አለበት። በቆሎ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይወርደውም፤ በማርሽ ይዞ ነው። ዳገቱንም በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው። «በረሃውን ለመሻገር ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» በይው። 2 ሰዓት ይበልሽ እንበል። 40 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት፤ በሰዓት 20።

እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ60 ቢሄደው፣ ለጠቅላላው 80 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? የ20 እና የ60 መካከል 40 ነው። ግን ሜዳው የፈጀበት 40 ደቂቃ ብቻ ነው። 80 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፤ በሰዓት 30። 40 አልደረሰም። እሺ፣ 40 እንዲደርስ ሜዳውን በስንት ይንዳው? 80 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 40 ለመሄድ 2 ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። ያ 2 ሰዓት ግን በረሃው ውስጥ አልቋል። የቀረው ደቂቃ የለም። ሜዳውን በ100 ቢነዳ አይደርስበትም፣ በ200 ቢነዳም አይደርስበትም። ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። በዝግታ የጠፋ ሰዓት በፍጥነት አይመለስም።

ይህን የምጽፍልሽ ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙ ሹፌሮች በረሃው ላይ የጠፋባቸውን ሰዓት ሜዳው ላይ ለማካካስ ሲጣደፉ ነው ነገር የሚበላሸው። ባለቤትሽ አብሮሽ ሲቀመጥ ይህንን አብራችሁ አስቡት። 60 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ60 ከሄደው 60 ደቂቃ ነው። ወደ 80 ከፍ ቢያደርገው 45 ደቂቃ፤ 15 ደቂቃ አተረፈ። ከ80 ወደ 100 ቢያደርገው 36 ደቂቃ፤ የጨመረው ትርፍ 9 ደቂቃ ነው። ከ100 ወደ 120 ቢያደርገው 30 ደቂቃ፤ ትርፉ 6 ደቂቃ ብቻ። ፍጥነቱ በ20 በ20 እየጨመረ ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል። አደጋው ግን በተቃራኒው ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፣ በ100 የሚሄድ ወደ 28 ሜትር። ጋሪ ወይም ጥጃ መንገድ ውስጥ ሲገባ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ እንኳ ያን ያህል ሄዷል። ፍሬን ከያዘ በኋላም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚወስደው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ6 ደቂቃ።

ባለቤትሽ «እኔ በ48 ነድቼ አላውቅም» ሊልሽ ይችላል። እውነቱን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው የዚያችን ቅጽበት ፍጥነት ነው። አማካይ ፍጥነት ግን ቀስቱ ላይ አይነበብም፤ ከኪሎ ሜትር ቆጣሪውና ከእጅ ሰዓት ነው የሚገኘው። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ሲበላ፣ ኬላ ላይ ሲቆም፣ ጎማ ሲቀይር ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም፣ አማካዩም እየወረደ ይሄዳል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የጨረሰው። ሲካፈል በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። እያንዳንዱን እርምጃ በዚያ ፍጥነት ረገጠ ማለት ግን አይደለም፤ የፈጠነበትም ቀዝቀዝ ያለበትም ነበር። ሯጮች ደግሞ እንደኛ አገር ሰው ናቸው፤ «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር» ከማለት «ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ» ማለት ይወዳሉ። የአበበ 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያህል ነበር።

ልጅሽን ወደፊት ሊያስቸግረው የሚችል ሌላ ነገር አለ፤ ከአሁኑ ባስጠነቅቅሽ ይሻላል። በአማርኛ «ሰዓት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። «በ2 ሰዓት ተነሳ» ስንል ቀጠሮ ነው፤ «2 ሰዓት ፈጀበት» ስንል ደግሞ የቆይታ ልክ ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «አውቶቡሱ ጧት 12፡00 ተነስቶ ረፋድ 4፡30 ደረሰ፤ ስንት ሰዓት ፈጀበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከክፍሉ ብዙዎቹ ከ12፡00 ላይ 4፡30 ቀንሰው 7፡30 ጻፉ። መልሱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጋር ስለሚነሳ ጧት 12 ሰዓት ማለት እንደ ዜሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የሚያሳየው ቀኑ ከጀመረ ስንት እንደሆነ ነው። ሌሊት 11፡30 ከተነሳ እስከ 12 ግማሽ ሰዓት ቆጥሮ 4 ሰዓት ተኩሉን መጨመር ነው፤ 5 ሰዓት። አያቶቻችን ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓት ሲያውቁ የሚቆጥሩት ይህንኑ የፀሐይ ጉዞ ነበር።

ደቂቃ ላይም ልጆች ይሰናከላሉ። አንቺ ቁርስ ቤት ስላለሽ በብር አስረጂው። ግማሽ ብር 50 ሳንቲም ነው፤ ግማሽ ሰዓት ግን 30 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በስሌት ውስጥ 1.30 አይደለም፤ 1.5 ነው። 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ 1.25 ነው። ከ1፡40 እስከ 3፡15 ያለውን እንደ ብር ሲቀንስ 1፡75 የሚያወጣ ልጅ ብዙ ነው። መቀነሱን ትቶ እንደ መንገድ ይራመደው፦ ከ1፡40 እስከ 2፡00 20 ደቂቃ፣ ከ2፡00 እስከ 3፡00 1 ሰዓት፣ ከዚያ 15 ደቂቃ። 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። እንዲህ የሚራመድ ልጅ አይሳሳትም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ ሆናችሁ መብረቅ ቁጠሩ። ብልጭታው ሲታይ ልጁ መቁጠር ይጀምር፤ ነጎድጓዱ ሲሰማ ያቁም። ብርሃኑ ለዓይን ወዲያው ነው የሚደርሰው፤ ድምፁ ግን በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 12 ከቆጠረ መብረቁ የወደቀው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቁጥሩ እያነሰ ከመጣ ዝናቡ ወደ እናንተ እየቀረበ ነው። ልጁ በፍጥነትና በጊዜ ብቻ፣ እግሩን ሳያነሳ፣ ርቀት ለካ። ሂሳብ አይሆንልኝም የሚለው ልጅ ለታናናሾቹ ይህን ሲያሳይ ብታዪው ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ቤታችሁ። ባለቤትሽ የተቆጣው ስለ 50 አይመስለኝም። 20 ዓመት የኖረበትን ሙያ አንድ ወረቀት በልጁ ፊት «ኤክስ» ያለበት መሰለው። ስለዚህ «መምህሩ ልክ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ከመንገድ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ፣ ቡናው ሲቀርብ ልጁ ራሱ ይጠይቀው፦ «አባዬ፣ ዓባይን ለመሻገር ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል? ከዚያ ያለውን ሜዳስ?» ይህን ከእሱ በቀር ማንም በቤቱ ውስጥ አያውቅም። እሱ ይንገረው፣ ልጁ ይጻፈው፤ ከዚያ ወደ ፈተናው ጥያቄ ይመለሱና በቆሎውን አባቱ በእጁ ይደርድረው። 5ቱን ፍሬ ራሱ ሲያካፍል 48ን ከአንቺም ከመምህሩም ሳይሆን ከራሱ እጅ ያገኘዋል። ከዚያም «የ50 መልስ ሰዓቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር» በይው። እውነትም ነው፣ ክብሩንም ይጠብቃል።

ሰኞ ትምህርት ቤት መሄዱን አትከልክዪው። ይሂድ፤ ግን ለጠብ አይሁን። «ልጄ ለምን 48 እንደሆነ አልገባውም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ኤክስ ብቻ ነው ያለው» ይበል። መምህሩ የብዙ ተማሪ ወረቀት በአንድ ሌሊት ሲያርም አንድ መስመር ማብራሪያ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘ ይሆናል። እኔም ስንት ወረቀት ላይ ኤክስ ብቻ አድርጌ መልሻለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ያች አንድ መስመር ብትኖር ስንቱ ልጅ በሳይንስ ይቀጥል ነበር። አባት በትሕትና መጥቶ ሲጠይቅ ደግሞ መምህሩ ነገሩን ለክፍሉ በሙሉ ደግሞ ያስረዳዋል፤ 50 የጻፈው ልጅሽ ብቻ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ረዳትነትን በተመለከተ፣ የአባቱ መኪና ላይ ሆኖ የሚያገኘው እንጀራ የሚያሳፍር አይደለምና ልጁን በዚያ አትሳደቢው። በአንድ ኤክስ ተናዶ እንዳይመርጠው ብቻ ነው የምልሽ። ትምህርት ሲዘጋ አንድ ጊዜ አባቱ ይዞት ይሂድ። ደብተርና ሰዓት ይዞ ጋቢና ይቀመጥ። ከፍኖተ ሰላም ሲነሱ ሰዓቱንና የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፍ፤ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ጎሃ ጽዮን ሲደርሱም እንዲሁ። የቆሙበትን ደቂቃም ለብቻው ይጻፍ። ማታ በየመካከሉ ያለውን ርቀት በየመካከሉ ላለው ሰዓት ያካፍል። የትኛው መንገድ አባቱን እንደሚያደክመው ከቁጥሮቹ ያነባል። አባቱም የ20 ዓመት ድካሙ በልጁ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ያያል።

ለመነሻ ያህል ለሦስታችሁም አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ባለቤትሽ ጭነት ይዞ በሰዓት 30 ሄደ፤ ባዶውን በዚያው መንገድ በሰዓት 60 ተመለሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ከሦስታችሁ 45 የሚል ካለ በቆሎውን መልሳችሁ አውጡት።